ቡችላው ሌሊት ለምን ያለቅሳል? ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ እንቅልፍ የማስለመጃ መንገድ

ቡችላ ቤት የገባ ዕለት ቀኑ ችግር የለውም። ልጆች ይከቡታል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ በልቶ ጥግ ይዞ ያንቀላፋል። ችግሩ ሲመሽ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ሰው ሁሉ ወደየክፍሉ ይገባል፣ ለቅሶው ያኔ ይጀምራል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቤተሰቡ በሙሉ ነቅቷል። አንዱ "አውጡትና በር ላይ እሰሩት" ይላል። ሌላው አዝኖ አልጋው ላይ ያወጣዋል።

እስቲ ከቡችላው አንጻር እንየው። እስከ ትናንት ድረስ አንድም ሌሊት ብቻውን አላደረም። ከወንድምና እህቶቹ ጋር ተደራርቦ እናቱ ሆድ ስር ነው ያደገው። ሙቀታቸው፣ ሽታቸው፣ የትንፋሻቸው ድምፅ በአንድ ቀን ጠፋበት። ቡችላ ከእናቱ ሲለይ እንድታገኘው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጣራል። የምትሰሙት ይህን ጥሪ ነው፤ ጥጋብ አይደለም፣ እልህም አይደለም። "ተዉት፣ አልቅሶ አልቅሶ ይተወዋል" የሚለው ምክር የሚሠራ የሚመስለው ቡችላው በመጨረሻ ስለሚደክመው ነው። በማግስቱ ማታ ማደሪያውን ገና ሲያይ መጮህ ከጀመረ፣ የተማረው ነገር ቦታውን መፍራት ነው።

እዚህ የምነግራችሁ መንገድ አንድ ሐሳብ ይዞ ይሄዳል፦ መጀመሪያ ቅርበት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ርቀት። ቡችላው አድጎ ግቢ እንዲጠብቅላችሁ ብታስቡም፣ ሳሎን እንዲያድር ብትፈልጉም፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብትኖሩም መነሻው ያው ነው።

ከመምጣቱ በፊት

ዕድሜውን አጣሩ። ቡችላ ቢያንስ 8 ሳምንት እስኪሞላው ከእናቱ ጋር መቆየት አለበት። መንገድ ዳር በካርቶን ተይዘው የሚሸጡት ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ያነሱ ናቸው፤ ሻጩ "ሁለት ወሩ ነው" ቢልም። አፉን ከፈት አድርጋችሁ ጥርሱን እዩ። ሁለት ወር የሞላው ቡችላ 28ቱ የወተት ጥርሶቹ ወጥተው አልቀዋል፣ ወይም ሊያልቁ ትንሽ ነው የቀራቸው። የፊቶቹ ብቻ ብቅ ብለው ኋላ ያለው ድድ ባዶ ከሆነ ገና ጨቅላ ነው። እንደዚህ ያለውን ከመውሰድ፣ ከባለቤቱ ጋር ተነጋግራችሁ ሁለት ሦስት ሳምንት እናቱ ጋ ቢቆይ እመርጣለሁ። ቀብድ ከፍላችሁም ቢሆን። ያለጊዜው ከእናቱ የተለየ ቡችላ ብዙ ሙቀትና ቶሎ ቶሎ ምግብ ይፈልጋል፤ ሌሊቱም ለሁላችሁም ይከብዳል።

ጠዋት አምጡት። ማታ ከመጣ አዲሱን ቤት ሳያውቀው ይጨልምበታል። ጠዋት ከመጣ ግን ቀኑን ሙሉ ያሸታችኋል፣ ግቢውን ያነፈንፋል፣ ማደሪያው ውስጥ ገብቶ ይወጣል። ለብዙ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ይመቻል፤ የመጀመሪያውን ሌሊት እንቅልፍ ብታጡ በማግስቱ ሥራ የለም፣ ወይም ቀለል ይላል።

አንድ አሮጌ ፎጣ ወይም የነጠላ ቁራጭ ቀደም ብላችሁ ለባለቤቱ ስጡት። እናቲቱና ቡችሎቿ የሚተኙበት ላይ ለጥቂት ቀን ያንጥፈውና ሳይታጠብ ከቡችላው ጋር ይምጣ። የእናቱ ሽታ ያለበት ጨርቅ በገንዘብ ከሚገዛ ከማንኛውም የውሻ ፍራሽ ይበልጣል። ምን ሲበላ እንደነበርም ጠይቁ፤ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ያንኑ ስጡት። ምግብ ድንገት ሲለወጥ ሆዱ ይበላሻል፣ ተቅማጥ የያዘው ቡችላ ደግሞ አይተኛም፣ አያስተኛም።

የት ይደር?

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አብዛኛው ሌሊት የሚበላሸው በቦታ ምርጫ ነው።

በእኛ ዘንድ ውሻ ቤት ውስጥ የማይገባባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። በእምነት ምክንያት ይሆናል፣ በንጽሕና ምክንያት ይሆናል፣ ወይም እንደዚያ ስላደግን ይሆናል። ያንን ለመቀየር አይደለም የምጽፈው። ግን የሁለት ወር ቡችላን በመጀመሪያው ሌሊት በር ላይ በሰንሰለት አስሮ መተው በየትኛውም ቤት ትክክል አይደለም። ሰንሰለቱ ይጠመጠምበታል፣ ይበርደዋል፣ የሚሸሽበት ስለሌለው የተኛበት ላይ ይሸናል። "ታስሮና ተመቶ ያደገ ነው ጥሩ ጠባቂ የሚሆነው" የሚባለውን ደግሞ እባካችሁ እንተወው። ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ቡችላ ሰውን፣ ድምፅንና አካባቢውን የሚለምድበት ነው። ያኔ የገባበት ፍርሃት ካደገም በኋላ አይለቀውም። ፈሪ ውሻ ሲጮህም ሲነክስም አይለይም፤ ሌባውንም፣ ዘመዱንም፣ የጎረቤት ልጅንም ያው ነው የሚያየው።

ቤት ውስጥ ማስገባት ከቻላችሁ ለመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ከአልጋችሁ አጠገብ ካለው ወለል የተሻለ ቦታ የለም። እጃችሁን ስትዘረጉ የሚደርስበት ርቀት ላይ ይሁን ማለቴ ነው። ትንፋሻችሁን ይሰማል፣ ሽታችሁን ያገኛል። እናንተም ሲቁነጠነጥ ትሰሙታላችሁ፤ ይህ ለሽንቱ ጉዳይ በጣም ይጠቅማል። ሰዓት በጨርቅ ጠቅልሎ አጠገቡ ማስቀመጥን፣ ሬዲዮ ዝቅ አድርጎ መክፈትን የሚመክሩ አሉ። አይጎዳም። እኔ ግን የሰው ትንፋሽን የሚተካ አላየሁም።

ቤት የማይገባ ከሆነ ሰው የሚያድርበት ሌላ ክፍል ፈልጉ። ሰርቪስ ቤት ሊሆን ይችላል፣ የተዘጋ በረንዳ ሊሆን ይችላል። ከቤተሰቡ አንዱ ለጥቂት ሌሊት ፍራሽ አንጥፎ አጠገቡ ቢተኛ ትልቅ ነገር ነው። የቤት ሠራተኛችሁ ወይም ዘበኛው የሚያድሩበት ክፍል ከሆነ ግን መጀመሪያ ጠይቋቸው። ሌሊት ሁለቴ የሚነሳው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ። ቀኑን ሙሉ ስትሠራ የዋለችን ሴት ሳያማክሩ ቡችላ ክፍሏ ውስጥ ማስገባት ለሷም ለቡችላውም ደግ አይደለም።

ማደሪያው ራሱ ቀላል ነው። ኬጅ ካገኛችሁ ጥሩ፤ ካላገኛችሁ ጠንካራ ካርቶን ወይም የእንጨት ሳጥን ይበቃል። ቁም ነገሩ ስፋቱ ነው። ቆሞ፣ ዞሮ፣ እግሩን ዘርግቶ የሚተኛበት ያህል ብቻ ይሁን። ቡችላ የሚተኛበትን ማቆሸሽ አይወድም። ቦታው በጣም ሰፊ ከሆነ ግን አንዱን ጥግ መጸዳጃ አድርጎ ሌላው ጥግ ላይ ይተኛል። ሲያድግ ይሆነዋል ብላችሁ ትልቅ ኬጅ ከገዛችሁ ግማሹን በጣውላ ወይም በካርቶን ክፈሉት። ኬጅ ውስጥ ሲገባ የአንገት ማሰሪያውን አውልቁለት፤ ከሽቦው ጋር ተይዞ ሊያንቀው ይችላል። የኤሌክትሪክ ገመድ አጠገቡ አይኑር፤ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል።

ከታች ጋዜጣ፣ ከላይ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ የእናቱ ጨርቅ። የአዲስ አበባ ሌሊት በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ይበርዳል፤ ደብረ ብርሃንና መሰል ከተሞች ላይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ለብ ያለ ውሃ በሃይላንድ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ፣ በካልሲ ወይም በፎጣ ጠቅልላችሁ በአንድ በኩል አድርጉለት። ሲሞቀው የሚሸሽበት ባዶ ቦታ በሌላው በኩል ይቅርለት። የፈላ ውሃ አይሁን። ከሰል አቀጣጥላችሁ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አትተዉ። ጭሱ ቢጠፋ እንኳ የከሰል ጋዝ ቡችላውንም አብሮት የተኛውንም ሰው ይገድላል።

ሌሊቱ የሚሠራው ቀን ነው

ቡችላ በቀን ውስጥ ከ18 እስከ 20 ሰዓት ይተኛል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ "ቀን እንዳይተኛ ላድርገው፣ ማታ ይደክመዋል" ይላል። የሚሆነው ተቃራኒው ነው። እንቅልፍ ያጣ ቡችላ ይነጫነጫል፣ እጅ ይነክሳል፣ ይቅበዘበዛል፣ ማታ መረጋጋት ያቅተዋል። ስለዚህ ቀን ሲተኛ አትቀስቅሱት። በተለይ ልጆች ላይ ይህንን ሕግ አጥብቁ፦ ተኝቶ እያለ ማንም አይነካውም።

ቀን ሲተኛም ማደሪያው ውስጥ እንዲለምድ አድርጉ። አንዱን ምግቡን እዚያ ስጡት፣ በሩ ክፍት ሆኖ። አንዲት የተቀቀለ ስጋ ቁራሽ ጥላችሁ ራሱ ገብቶ ይውሰዳት። ወለሉ ላይ ካንቀላፋ ቀስ ብላችሁ አንስታችሁ ማደሪያው ላይ አስተኙት። በሩን ለአጭር ጊዜ ዝጉ፤ ሳያለቅስ ክፈቱ። ማደሪያው በሌሊት ብቻ የሚታይ ከሆነ የመለያያ ቦታ ይሆንበታል። ልትቀጡት ስትፈልጉም እዚያ አትዝጉበት።

ምግቡ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ተከፋፍሎ ይሰጥ፤ ሆዱ ትንሽ ነው። የመጨረሻው ከመኝታ ሦስት አራት ሰዓት በፊት ይሁን። ማታ ላይ ከማዕድ የተረፈ ወጥ መስጠት የብዙ ቤት ልማድ ነው። ይህን ተዉት። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል፣ የእኛ ወጥ ደግሞ መነሻው ሽንኩርት ነው። ነጭ ሽንኩርትም ያው ነው። በርበሬውና ቅባቱ ሆዱን ያውከዋል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። የላም ወተትም ለብዙ ቡችላ አይስማማም፤ ያስቀምጠዋል። የቡችላ ደረቅ ምግብ ማግኘት ካስቸገረ ለጊዜው ያለ ቅመምና ያለ ጨው የተቀቀለ ሩዝ ከስጋ ጋር ይሻለዋል፤ የዘወትር ምግቡን ግን ከእንስሳት ሐኪም ጋር ተነጋገሩበት።

ምሽቱ በሰዓት

ይህ ለሁለት ወር ቡችላ ነው፣ በኢትዮጵያ ሰዓት። የእናንተ ቤት ዘግይቶ የሚተኛ ከሆነ ሁሉንም እኩል ግፉት። ከሰዓቱ ይልቅ ቅደም ተከተሉ በየቀኑ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው የሚያስለምደው።

ከምሽቱ 12 ሰዓት፦ የመጨረሻ ምግብ። እንደበላ ወዲያው ወደ ውጭ። ቡችላ ሲነቃ፣ ሲበላና ተጫውቶ ሲያበቃ መጸዳዳት ይፈልጋል፤ ይህን ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ከ1 እስከ 2 ሰዓት፦ ጨዋታ። ገመድ መጎተት፣ ጨርቅ ማባረር፣ ስሙን መጥራት። ቡችላውን አቅፎ ሰፈሩን መዞርም ድካም ነው ለሱ፤ አዲስ ድምፅና ሽታ ጭንቅላቱን ያደክመዋል።

2:30፦ ውሃውን አንሱ። የሞቀ ቀን ከሆነ ወይም ያላችሁበት ቦታ ሞቃት ከሆነ አታንሱት፤ ትንሽ ትንሽ ይጠጣ። ለታመመ ቡችላም ውሃ አይከለከልም።

ከ3 ሰዓት በኋላ ቤቱ ቀዝቀዝ ይበል። ቴሌቪዥን ዝቅ፣ ልጆች ወደ መኝታ፣ መብራት ደብዘዝ። በዚህ ሰዓት የሚመጣ እንግዳ ቡችላውን ቢያጫውተው ደስ ይላል፣ የሚከፍለው ግን እናንተ ናችሁ።

4 ሰዓት፦ የመጨረሻ ሽንት። ሁልጊዜ በአንድ በር ውጡ፣ ወደ አንድ ቦታ ሂዱ፣ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ። "ሽንት" በቂ ነው። ቆማችሁ ጠብቁ፣ አታጫውቱት። ሲጨርስ ያኔውኑ "ጎበዝ" ብላችሁ አንዲት ቁራሽ ስጡት። ቤት ከገባችሁ በኋላ ብታመሰግኑት ለመግባቱ ይመስለዋል።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ማደሪያው። እጃችሁን ለትንሽ ጊዜ ጎኑ ላይ አሳርፉ። በቀስታ አንድ ነገር በሉት፣ በየማታው ያንኑ። መብራት አጥፉ፣ እናንተም ተኙ። እናንተ ቆማችሁ የምትንጎዳጎዱ ከሆነ እሱም አይተኛም።

ከሌሊቱ 7:30፦ የስልካችሁ ደወል ይቀስቅሳችሁ። ቡችላው ቀን ላይ ሽንቱን ለስንት ሰዓት መያዝ እንደሚችል ለመገመት በወር የተቆጠረ ዕድሜው ላይ አንድ ጨምሩ፤ ሁለት ወር ከሆነው ሦስት ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ሌሊት ተኝቶ ሲሆን ትንሽ ይበልጣል። ሳያለቅስ እናንተ ቀድማችሁ ብታወጡት ይሻላል። አልቅሶ ከወጣ፣ ለመውጣት ማልቀስ እንዳለበት ይማራል።

11:30፦ ጠዋት። ውጭ፣ ሽንት፣ ቁርስ። ቀጥታ ወደ ጨዋታ ከመግባት ትንሽ ቆይቶ ይሁን፤ አለበለዚያ ነገ 11፣ ከነገ ወዲያ 10:30 ላይ ለጨዋታ ይቀሰቅሳችኋል።

ማደሪያው ለተከታታይ ጥቂት ሌሊት ደርቆ ካደረ የሌሊቱን ደወል በ15 ደቂቃ ግፉት። ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና። እንዲህ እያለ የሌሊቱ መነሳት ወደ ንጋት ተጠግቶ ይጠፋል። አብዛኞቹ ቡችላዎች አራት ወር አካባቢ ሲደርሱ ሌሊቱን ይዘልቃሉ። ትናንሽ ዝርያዎች ትንሽ ይዘገያሉ።

ሲያለቅስስ?

ለቅሶው ሁሉ አንድ አይደለም። ማደሪያው ውስጥ እንደገባ ለጥቂት ደቂቃ ማጉረምረምና መነጫነጭ የተለመደ ነው። እጃችሁን ወደ ኬጁ ዘርጉ፣ ጣታችሁን ያሽት፣ ዝም በሉ። ብዙውን ጊዜ እዚያው ያልቃል። ድምፁ እየቀነሰ የሚሄድ ከሆነ ተዉት። እየጨመረ የሚሄድ፣ የሚንቀጠቀጥና አፉ በምራቅ የሚሞላ ከሆነ ግን ፈርቷል። ያኔ ተነሱ፣ አጠገቡ ተቀመጡ፣ እስኪረጋጋ ቆዩ። "መጥፎ ልማድ አስለመድኩት" ብላችሁ አትስጉ። የፈራን ቡችላ ማረጋጋት ፍርሃትን አይጨምርም።

ተኝቶ ቆይቶ ድንገት ነቅቶ ሲቁነጠነጥ፣ ሲዞር፣ ወለሉን ሲያሸት ሽንቱ መጥቷል። ታቅፋችሁ አውጡት። በእግሩ ከሄደ ኮሪደር ላይ ይለቀዋል። ውጭ ላይ ነገር ሁሉ አሰልቺ ይሁንበት፦ ደማቅ መብራት የለም፣ ወሬ የለም፣ ጨዋታ የለም፣ ምግብ የለም። ሸንቶ ተመልሶ ይግባ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልሸና መልሱት። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ባትሪ ከበሩ አጠገብ አስቀምጡ።

አትጩኹበት። አትምቱት። ሽንቱ ላይ አፍንጫውን መጥረግም ከጥንት ጀምሮ ሲወራ የመጣ ምክር ነው፣ ምንም አያስተምርም። ከሰዓታት በፊት ከሸናው ጋር አያገናኘውም፤ የሚገባው እናንተ ስትመጡ መፍራት ብቻ ነው። ያቆሸሸውን ጨርቅ ቀይሩ፣ ወለሉን በውሃ ጥረጉና በተቀጠነ ኮምጣጤ እለፉበት። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ አትጠቀሙ፤ ለውሻ አፍንጫ ሽንት ይሸተዋል፣ ተመልሶ እዚያው ይሸናል። በረኪናም ሽንቱ ላይ በቀጥታ አታፍሱ፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ለሳንባ መጥፎ ነው።

አልጋ ላይ የማውጣቱን ነገር በተመለከተ ፈቃዳችሁ ነው። ግን ዛሬ የምትፈቅዱትን ከዓመት በኋላም የምትፈቅዱት ይሁን። የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ አድጎ 30 ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ያኔ "ውረድ" ብትሉት ግራ ይገባዋል።

ለጎረቤትም ንገሩ። ሌሊት የሚያላዝን ውሻ መጥፎ ነገር ይጠራል ብለው የሚያምኑ ትልልቅ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ። "እማማ፣ አዲስ ቡችላ አምጥተናል፣ ለጥቂት ቀን ይረብሻችሁ ይሆናል" ብሎ ቀድሞ መንገር ብዙ ቅያሜ ያድናል። የሰፈር ውሾች ሲጮኹ ወይም ንጋት ላይ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያና አዛን ሲሰማ ቡችላው አብሮ ቢጮህ አትደናገጡ፤ እናንተ ዝም ካላችሁ ይለምደዋል። ማደሪያውን ከአጥር በር ራቅ ማድረግም ይረዳል።

ለቅሶው እንዲቀር ሁለት ወንድማማች ቡችላዎች አብሮ ማምጣትን የሚመክሩ አሉ። ሌሊቱ ይቀላል፣ እውነት ነው። ግን እርስ በርስ ተጣብቀው ሰውን መስማት ያስቸግራቸዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ውሻ ለሚያሳድግ ሰው አልመክረውም።

ክትባት ያልጨረሰ ቡችላ የት ይውጣ?

ይህ የሌሊቱን ጉዳይ በቀጥታ ይነካል። የቡችላ ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጀመርና በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16ኛው ሳምንት ይዘልቃል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጣል። ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ ክትባቱ ሳያልቅ የጎዳና ውሾች የሚመላለሱበት መሬት ላይ አታስቀምጡት፤ ሌሊትም ቢሆን። የራሳችሁ የታጠረ ግቢ፣ የታመመ ውሻ ያልነበረበት ከሆነ፣ ይበቃል።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ሰዎች ፈተናችሁ እዚህ ነው። ደረጃውን ወርዳችሁ የምታገኙት የጋራ ግቢ የሰፈሩ ውሾች ሁሉ ቦታ ነው። በረንዳ ላይ ሰፋ ያለ ዝቅተኛ ሳፋ ውስጥ አሸዋ ወይም ሣር ያለበት አፈር ከንጹሕ ቦታ አምጥታችሁ አድርጉለት። ጋዜጣ ላይ ከማስለመድ ይህ ይሻላል፤ በኋላ ወደ ውጭ ሲወጣ እግሩ ሥር ያለው ነገር አዲስ አይሆንበትም። የበረንዳው ብረት ክፍተት ቡችላ የሚያሾልክ እንዳይሆን ግን መጀመሪያ ዝጉት።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ አፓርታማ ውስጥ ያላችሁም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፣ የሚጨመረው ሊፍቱ ነው። ሊፍት ውስጥ ወለል ላይ አታስቀምጡት። ከማታ ጀምሮ ጃኬታችሁንና ቁልፋችሁን በሩ ላይ አዘጋጁ፤ በብርዱ ወቅት ልብስ ስትፈልጉ ሰዓቱ ያልፋል። ዱባይ፣ ዶሃና መሰል ከተሞች ያላችሁ ደግሞ በሙቀቱ ወራት አስፋልቱ ከጨለመ በኋላም ስለሚያቃጥል መጀመሪያ በእጃችሁ መዳፍ ነክታችሁ እዩት። ኤር ኮንዲሽነሩ በቀጥታ ማደሪያው ላይ እንዳይነፍስ።

እንቅልፍ የነሳው ሕመም ከሆነ

ሁሉንም አድርጋችሁ አሁንም ካልተኛ ሰውነቱን ፈትሹ። ቁንጫ ያለበት ቡችላ ሌሊቱን ሲያክ ያድራል፤ ጸጉሩን ገልጣችሁ ሆዱና ጭራው ሥር እዩ። ለአዋቂ ውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒት ግን አታድርጉበት። የሆድ ትላትልም ሆዱን ይነፋዋል፣ ያስለቅሰዋል። በዚህ ዕድሜ የትል መድኃኒት ተደጋግሞ ስለሚሰጥ ባለቤቱ መቼ እንደሰጠው ጠይቃችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

ድንገት ጸጥ ያለ ቡችላም ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም። ምግብ እምቢ ካለ፣ ካስታወከ፣ ደም ያለበት ተቅማጥ ከያዘው፣ ስታነሱት ከዛለ ፓርቮ ሊሆን ይችላል። እስኪነጋ "እናየዋለን" አትበሉ፤ ቡችላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ውሃው ያልቅበታል። ሌሊት የሚያነሳ የእንስሳት ሐኪም ስልክ ቡችላው ሳይመጣ ፈልጋችሁ ያዙ።

ርቀቱን መጨመር

በተከታታይ አንድ ሳምንት ያህል ከአልጋው አጠገብ በሰላም ካደረ ማደሪያውን ትንሽ አርቁ። መጀመሪያ ከክፍሉ ወዲያኛው ጥግ። ከጥቂት ሌሊት በኋላ በሩ አጠገብ። ከዚያ በሩ ክፍት ሆኖ ኮሪደር ላይ፣ ከዚያ የፈለጋችሁበት ቦታ። በአንዱ ደረጃ ላይ ካለቀሰ ወደ ቀድሞው ተመለሱና ሁለት ሦስት ሌሊት ቆዩ። አትቸኩሉ። ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ የወተት ጥርሱ ሲረግፍ ድዱ ስለሚያመው እንቅልፉ ሊዛባ ይችላል። ውሃ ነክራችሁ ፍሪዘር ውስጥ ያቆያችሁትን ጨርቅ ከመኝታ በፊት፣ እያያችሁት፣ ያኝክ።

መድረሻው ግቢ ከሆነ፣ ቢያንስ አራት ወር እስኪሞላውና ክትባቱን እስኪጨርስ ጠብቁ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ላይ፣ ወይም ታኅሣሥ ውርጭ ላይ አታውጡት። ጅብ የሚደርስበት ዳር ሰፈር ከሆናችሁ አጥሩ ሙሉ እስኪሆን ከዚህም አዘግዩት። የውሻ ቤቱ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጣሪያው የማያፈስ፣ በሩ ነፋስ በማይመጣበት በኩል የሆነ፣ የራሱ ትንፋሽ የሚያሞቀው ያህል ጠባብ ይሁን። ሌሊት እንዲያድርበት ከማድረጋችሁ በፊት ለሳምንት ያህል ቀን ቀን እዚያ ይብላ፣ እዚያ ያንቀላፋ። ያንኑ ብርድ ልብሱን አውጡለት፣ አትጠቡት። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች የምታወጡት በዚያው በ4 ሰዓቱ ሽንት፣ በዚያው ቃል ይሁን። ዘበኛው ስሙን ያውቅ፤ ሲዞር ጠጋ ብሎ ይጥራው። ካለቀሰ ወደ ቀድሞ ማደሪያው መልሱትና በሳምንቱ እንደገና ሞክሩ።